እንደ ቅቤ የጠቀለልኩት ሞተር

ባለፈው ሳምንት ከሶዶ ወደ ተበላ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀምጬ ነበር። ገና ከተማውን ሳንለቅ ሞተሩ ከሆዱ ሲያንኳኳ ሰማሁ።

"ልጄ፣ ዘይቱን እየው። ቢየላው ሊበላ ነው" አልኩት።

ሾፌሩ በመስታወት አየኝና "ፋዘር፣ ከበሮው ነው እኮ የሚሰማዎት" ብሎ መዝሙሩን ከፍ አደረገው። ተሳፋሪው ሳቀ። እግሬ ግን በንዴት ወለሉን ይደበድብ ነበር። የእኔ ጆሮ ከበሮና ቢየላ አያምታታም።

ስለ ሞተር ማንም አላስተማረኝም። ይህን በሄድኩበት ሁሉ እናገራለሁ፣ ሰው ቢሰለቸውም። ከአምስተኛ ክፍል አቋርጬ፣ የተጣለ የወፍጮ ሞተር እየፈታሁ እየገጠምኩ፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ሶዶ ገበያ አጠገብ የራሴን የቆርቆሮ ዳስ ያቆምኩ ሰው ነኝ። ባለዲፕሎማው ትቶት የሄደውን ሞተር አስነስቻለሁ። አንዱን ግን እንዴት እንዳስነሳሁት በሙሉ አውርቼ አላውቅም።

መምህር ሎሃ የሚባሉ ሰው አንድ የቆመ ጂፕ ገዙ። ሁለት ፒስተን ተሰብሮበታል፣ ቢየላዎቹም ተጣመዋል። ቢየላ ማለት ፒስተኑን ከታች ካለው ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ክንድ ነው። መምህሩ መኪናውን የፈለጉት ሃላሌ ላሉት እናታቸው ነበር። የአሮጊቷ እግር ከከዳቸው ወዲህ ሦስት ጊፋታ አልፏል። ጊፋታ የእኛ የዘመን መለወጫ ነው፤ በዚያ ቀን ከልጅ ተለይቶ የሚበላ ሥጋ ከጉሮሮ አይወርድም።

"የዘንድሮውን እኔ ቤት ትውያለሽ ብዬ ልኬባታለሁ። እንዳታሳፍረኝ" አሉኝ።

"በጊፋታ ጠዋት ይነሳል!" አልኩ፣ ሰው እንዲሰማ ጮክ ብዬ።

የከተማው አንጋፋ መካኒክ ጋሽ በየነ እዚያው ነበሩ። "ዕቃውን ከየት ልታመጣ?" አሉኝ።

"እርስዎ ዕቃ ሲጠብቁ ነው ያረጁት" አልኳቸው። ሰው ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም።

ዕቃው የተገኘው ተበላ ከተማ ነው። በአንድ ነጋዴ ግቢ ውስጥ ተመሳሳይ ጂፕ ቆሞ ዶሮ ያድርበታል። የሞተሩ ላይ ተሰንጥቋል እንጂ ታቹ ጤነኛ ነው። ብስክሌቴን ሰጥቼ አራት ፒስተን ከነቢየላው ወሰድኩ። እያንዳንዱ ቢየላ ከታች በቡሎን የሚታሰር የራሱ ክዳን አለው፤ የአንዱ ክዳን ለሌላው አይሆንም። ይህን አውቅ ስለነበር እያንዳንዱን ከነክዳኑ በእንሰት ቅጠል እንደ ገበያ ቅቤ ጠቀለልኩና በማሰሪያው ላይ ከአንድ እስከ አራት ቋጠሮ ቋጠርኩበት። በብልሃቴ ኮርቼ፣ ተሸክሜ በእግሬ ወደ ሶዶ ተመለስኩ።

መንገድ ላይ ዝናብ ያዘኝና አንድ ቤት ተጠለልኩ። የቤቱ እመቤት ትኩስ ጎደሬ በዳጣ አቀረቡልኝ። ዳጣው ዓይን ያስለቅሳል። እየበላሁ ጀርባዬን ለእሳቱ ሰጥቼ ስለ ችሎታዬ ለባልየው ሳወራ፣ ሴትዮዋ ጥቅሎቼን ፈተው ብረቱን በእሳት አደረቁ። ከዚያም በደረቅ ቅጠል መልሰው አሰሩት፤ ክንዱን ከክንድ፣ ክዳኑን ከክዳን ጋር።

ዘወር ስል ደነገጥኩ።

"ምነው ልጄ? ቅቤ መሰለህ እንዴ? ብረት እኮ ነው! በእርጥብ ቅጠል ይዝጋል" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ጥቅሉ ውስጥ ዝገቱ ጀምሮ ነበር። አመስግኜ ወጣሁ፣ ምን እንደደረሰብኝ ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ክዳኖቹን በግምት ገጠምኩ። ማንቬላውን፣ የሞተር ማስነሻውን እጀታ፣ ባዞር ሞተሩ እንደ ድንጋይ ደረቀ። ፈታሁ፣ አቀያየርኩ፣ እንደገና ደረቀ። ጊፋታ ሦስት ቀን ቀረው፣ ሁለት ቀን ቀረው። መንደሩ በሬ ሲጎትት፣ ቢላ ሲስል፣ እኔ በጂፑ ዙሪያ እንደ ታሰረ ውሻ እዞራለሁ። መምህሩ ጠዋትና ማታ ብቅ ይላሉ።

"ደረሰ?"

"ትንሽ ቀረው።"

በዋዜማው ቀትር ላይ ቢየላዎቹንና ክዳኖቹን በባልዲ ይዤ ጋሽ በየነ ዘንድ ሄድኩ። "ተቀላቀለብኝ" አልኩ፤ ድምፄን እኔም አልሰማሁት። እሳቸው አልተሳለቁም። ጨርቅ ላምባ አስነክተው ከአንዱ ክዳን ጎን ጥቀርሻውን ጠረጉ። ከሥሩ ተመትቶ የተጻፈ ቁጥር ወጣ፦ ሦስት። ቢየላውም ላይ ያው ሦስት አለ።

"ፋብሪካው ካንተ ቀድሞ ቋጥሮልሃል። ማንበብ ትችል የለም እንዴ?" አሉኝ።

ሞተሩ የተነሳው በጊፋታ ዕለት ጠዋት ሳይሆን እኩለ ቀን ላይ ነው። "አዲስ የተገጠመ ነው፣ ከሠላሳ እንዳታልፉ" ብለው ጋሽ በየነ አስጠነቀቁን። መምህሩ እየነዱ፣ እኔ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ ድምፁን እያዳመጥኩ፣ በጭቃው ላይ ወደ ሃላሌ አዘገምን። ከየቤቱ የሥጋና የቅቤ ሽታ ይመጣል። ወርጄ ልሮጥ ቃጣኝ።

መንገድ አጋመስን መሰለኝ፣ ስምንት ጎረምሶች ቃሬዛ ተሸክመው መጡብን። ቃሬዛው ላይ የመምህሩ እናት ነበሩ። ከማለዳ ጀምረው መንገድ ዳር ጠብቀው፣ ሲሰለቻቸው "ልጄ ካልመጣ እኔ እሄዳለሁ" ብለው ነው።

መኪናው ውስጥ ካስገባናቸው በኋላ በዘይት የጠቆረ እጄን ያዙ። "ምን አዘገየህ ልጄ?"

መምህሩ እያዩኝ ነው። "ተበላ መንገድ ያለች አንዲት ሴትዮ ዕቃዬን ቀላቅላብኝ ነው" አልኩ።

አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "እግዚአብሔር ይቅር ይበላት" አሉ።

"አሜን" አልኩ።

የዚያን ዕለት ሥጋውን በልቻለሁ፤ መምህሩ አመስግነውኛል፤ ስሜም ከዚያ ወዲህ ነው የወጣው። ያቺ "አሜን" ግን እንዳልጠበቀ ቡሎን እስከ ዛሬ ውስጤ ትንኳኳለች። ሴትዮዋን ዳግም ሄጄ አላየኋቸውም።

የባለፈው ሳምንት ሚኒባስ ተበላ ሳይደርስ ቆመ። ዘይቱ አልቆ ነበር። ተሳፋሪው ወረደ፤ አሁን የሚስቅ አልነበረም። ሾፌሩ ወንበሩን አንስቶ የሞተሩን መክደኛ ሲፈታ፣ ዝናብ ካረጠበው የመንገድ ዳር እንሰት ቅጠል ቀደደና ቡሎኖቹን ሊጠቀልልበት ጀመረ።

"ቅቤ መሰለህ እንዴ? ብረት እኮ ነው!" አልኩት።

ሳቀና ቡሎኖቹን በደረቅ ጨርቅ ላይ አደረጋቸው። "ፋዘር፣ ጆሮዎት ትክክል ነበር። ሙያውን ማን አስተማረዎት?"

መልሱ ዕድሜ ልኬን አፌ ላይ የኖረ ነው፦ ማንም። አፌን ከፈትኩ፣ ከእንሰቱ ማዶ ያለውን የቤት ጣሪያ አየሁና እግሬ መደብደቡን አቆመ።

"አንዲት ሴት" አልኩት። "እዚሁ አካባቢ ነበሩ።"