የአባዬ ጆሮ

ልጅ ሳለሁ እኛ ቤት የሚተረተው ስለ ጅብና ስለ ጦጣ አልነበረም፤ ስለ ሞተር ነበር። አያቴ፣ የከሚሴ ሰው ሁሉ አባ ጀማል የሚለው፣ እኛ ደግሞ አባዬ የምንለው፣ ዕድሜውን ሙሉ መካኒክ ነበር። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ጋራዡ በር ላይ በአሮጌ ቸርኬ ውስጥ ፍም ያነድና የልጅ ልጆቹንና የጎረቤት ልጆችን ዙሪያውን ኮልኩሎ ይጀምራል። ጭሱ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። መብራት ከጠፋ ፋኖሱን አንዷ መኪና ላይ ያንጠለጥለዋል፤ ያኔ እኛ ከእሱ አፍ ሌላ የምናየው ነገር አልነበረም።

ኧረ ተረቱስ ጨካኝ ነበር! እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ሰለባ ነበረው። አንዱ ሹፌር ቺንጋው፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ ሲጮህበት «ድመት ናት» ብሎ ቴፑን ከፍ አደረገ፤ ጨፋ ሜዳ ላይ ቺንጋው ተበጠሰ፣ ሞተሩ ፈላ፣ እሱም ተጣድፎ የራዲያተሩን ክዳን ሲከፍት ፊቱ ተገሽልጦ እናቱ እንኳ አላወቀችውም። እኛ እርስ በርሳችን ስንጣበቅ አባዬ ድዱ እስኪታይ ይስቅ ነበር። ከዚያ አንዱን ይጠቁምና «ማል ጄቲ? ምን ትላለች?» ይላል። ቫልቮላ ከሆነ ጢቅ ጢቅ፣ ከታች የሞተሩን ዘንግ የሚይዘው ብሮንዚና ከተበላ ዱም ዱም ማለት ነው። የሳተ ኩርኩም ይቀምሳል።

አንድ ምሽት ጭሱን ሸሽቼ አፌን በሻሼ ሸፍኜ በትክክል መለስኩ። ኮረኮመኝ። ሻሹን አውርጄ ያንኑ ስደግመው «ይኸው!» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ለካስ አባዬ የሚሰማው በዓይኑ ነው። ለእናቴ ስነግራት አፌን በመዳፏ ከደነችው። ቤቱ ሁሉ ያውቅ ኖሯል።

ሰኞ የባቲ ገበያ ነው፤ ወደዚያ የሚወርድ ሹፌር ሁሉ ደግሞ ጠዋት ሞተሩን ለአባዬ ሳያስደምጥ አይነሳም ነበር። አባዬ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍንና ይፈርዳል። አባቴ ጀማል ከጀርባው ቆሞ እውነተኛውን በሽታ ለሹፌሩ በምልክት ይነግረዋል፤ አባዬ ወደ ቤት ሲገባ አባቴ ይጠግነዋል። ሽማግሌ አይዋረድም። ሹፌሮቹም የአባዬን እጅ ስመው ይሄዱ ነበር።

አንድ ሰኞ አባቴ መለዋወጫ ፍለጋ ኮምቦልቻ ነበር። ጠዋት አባዬ ውሃ አምጪ ሲለኝ ሦስት ጊዜ «መጣሁ» አልኩት፤ አልሰማኝም፤ ባለጌ ብሎ ልጆቹ ፊት በጥፊ አጮለኝ። ወዲያው የሹፌሩ የሰይድ ሚኒባስ ሰው ጭና መጣች። ሞተሯ ዱም ዱም ትላለች፤ መስታወቶቿ ሳይቀሩ ይርገፈገፋሉ። አባዬ ካቻቢቴውን ደግኖ ብዙ ቆየና «ቫልቮላ ነው፤ ምንም አይልህም። ቢስሚላህ ብለህ ውረድ» አለው። ሰይድ ዱም ዱሙን ሰምቶታል፤ ዓይኑ አባቴን ፈለገ፣ አጣው። በአባ ጀማል ፊት «አይደለም» ማለት ነውር ነው። ያ ሞተር የባቲ ቁልቁለት ላይ ነክሶ ድርቅ ብሎ ቢቆም ፍሬኑም አይታዘዝም፤ ውስጥ ደግሞ ልጅ ያዘሉ ሴቶች አሉ። ሰይድ ግን ወንበሩ ላይ ወጣ።

«አይሰማም እኮ!» ብዬ ጮህኩ። «አባዬ ደንቆሮ ነው! ብሮንዚናው ነው!»

ሰይድ ሞተሩን አጠፋ። አባዬ አፌን እያየ ነበር። ቃሉን ከአፌ እንዳነበበው ከፊቱ አውቄያለሁ፤ ግን ወደ ሰይድ ዞሮ «ምን አለች?» አለው። ሰይድ ምን እንደነካው አላውቅም፤ ድንጋጤው ይሆናል፣ ወረደና ጆሮው ሥር ጮኸበት፦

«ደንቁረዋል ነው የምትልዎ፣ አባ ጀማል!»

መኪናው ሙሉ ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ወላሂ።

ከሰዓት አባቴ ተመልሶ ዘይቱን ሲያወርደው የብሮንዚናው ብናኝ ውስጡ ያብረቀርቅ ነበር። ተሳፋሪዎቹ በሌላ መኪና ወርደዋል። ሰይድ ካራሜላ በእፍኙ ሰጠኝ፤ ለማንም ሳላካፍል በላሁት። «እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው» ብለው ጎረቤቶቹ አወደሱኝ።

ማታ ፍሙን ያነደደው አባቴ ነው። ልጆቹ እንደ ወትሮው ተሰበሰቡ፣ አባዬ ግን ተረት አልጀመረም። ልታረቀው ብዬ የባለ ቺንጋውን ሹፌር ተረት እኔ ጀመርኩት። ጥቂት አፌን አየና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤ ጭራሽ ጮህኩ። በመጨረሻ አባቴ «በቃሽ፣ ዘሀራ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖረ። መኪና ሲመጣ ተነስቶ ወደ ጓዳ ይገባል። አንድ ቀን እንኳ አልረገመኝም፤ ቢረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ተረቶቹን ለልጆቼ እኔ እነግራለሁ፤ አንድም አልረሳሁ። ያን ቀን የሚያስታውሱ ሰዎች አሁንም «ነፍስ አድነሻል» ይሉኛል፤ ልክ ናቸው። ነገር ግን እጁን ይዤ ወደ ጓዳ ወስጄ፣ አፌን እያሳየሁ፣ ለብቻው ልነግረው እችል ነበር። ይህንን ያኔም አውቀው ነበር።