ንብረት ቁጥር አሥራ አራት

የወረዳው ስታዲየም ጠባቂ የሚኖረው በእንግዳው ቡድን መልበሻ ክፍል ውስጥ ነው። ቤት እስኪሰጠው «ለሁለት ሳምንት ብቻ» ተብሎ ከሚስቱና ከአማቱ ጋር ከገባ እነሆ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ሁለት ሳምንት መቼም እንደ ሰጪው ነው።

ጨዋታ ባለ ቀን ድስቱ ወደ መታጠቢያው ይገባል፣ ሚስቱም ትሪቡን ላይ ትወጣለች። አማቱ ግን ወይ ፍንክች! ጉልበታቸው ደረጃ አያስወጣቸውም። ጥግ ካለው ወንበራቸው ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይቀመጣሉ። ተጫዋቾቹ ይለብሳሉ፣ እሳቸው ይመክራሉ። «ያ የሚያስለው ልጅ ሙቅ ውሃ ይጠጣ! አንተም ጉልበትህን እሰረው፣ ስታነክስ እየሰማሁህ ነው።» የተሸነፈ ቡድን ሁሉ እሳቸው ዘንድ አልቅሶ ነው የሚሄደው።

ጠባቂውን ግን ቁም ስቅሉን ያሳዩታል። «ሣር በጠዋት እንጂ በቀትር አይጠጣም አላልኩህም?» ይሉታል በየቀኑ። «እኚህ ሴትዮ አንድ ቀን ያሳብዱኛል» ሲል ያልሰማው ተመልካች የለም።

ዘንድሮ ስታዲየሞችን የሚመዝን ገምጋሚ ይመጣል ተባለ። ጠባቂው ጭንቅ ገባው፤ ክፍሉ ውስጥ ሰው መኖሩ ከታወቀ ሦስቱም ሜዳ ላይ መውደቃቸው ነው። ዕቃውን ሊደብቅ ሲዘጋጅ ገምጋሚው አንድ ቀን ቀድሞ ከች አለ።

ቅጹን ዘረጋ። «የሕክምና አልጋ?» ብሎ የባልና ሚስቱን አልጋ አየና ጻፈ፦ «አለ።» «የውሃ ማሞቂያ?» ምድጃውን አየ። «አለ።» «የተጎዳ ተጫዋች አስታማሚ» የሚለው ላይ ሲደርስ ብዕሩን አቁሞ ወደ ጥጉ ተመለከተ።

«ዓይንህ ቀልቷል ልጄ፣ መንገዱ ጎድቶሃል፤ ቁጭ በል» አሉት አማትየው።

ቁጭ አለ። ሲነሳ «አለ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ሁሉም ላይ የንብረት ቁጥር ለጠፈ፤ አልጋው ላይ አሥራ ሁለት፣ ምድጃው ላይ አሥራ ሦስት፣ የአማትየው ሹራብ ላይ አሥራ አራት። ስታዲየሙ አንደኛ ወጣ፤ ክፍሉም ከነጠባቂው እንዳለ እንዲቆይ ተፈቀደ። ሳይደግስ አይጣላም! ጠባቂው ደስታው ወሰን አጣ።

ጉድና ጅራት ግን ከወደኋላ ነው። በወሩ አንድ የጭነት መኪና ደብዳቤ ይዞ መጣ፦ «ንብረት ቁጥር 14 በጎረቤት ወረዳ ስታዲየም ውስጥ ስለሌለ ወደዚያው ይዛወር።»

«እዚህ ጋ ፈርም ጋሼ» አለ ሹፌሩ። «ካልፈረምክ ክፍሉን ትለቃለህ፣ ታች ተጽፏል።»

ጠባቂው እስክሪብቶውን ያዘ። አሥራ አንድ ዓመት የተመኘው ቀን ነው። አማትየው ሻንጣቸውን ቀድመው አሰናድተው ነበር።

«ፈርም ልጄ። በእኔ የተነሳ ቤታችሁን እንዳታጡ» አሉና እንደ ልማዳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

የማዛወሪያ ቅጹ ላይ «የንብረቱ ሁኔታ» የሚል ባዶ ቦታ ነበር። ጎንበስ ብሎ ጻፈ፦ «ከግድግዳው ጋር አብሮ የተሠራ ስለሆነ አይነቀልም።»

ሹፌሩ ሁለቴ አነበበው። ሄዶም ወንበሩን ነቅነቅ አድርጎ ሞከረ። አማትየው የግድግዳውን የልብስ መስቀያ በሁለት እጃቸው ጨምድደው ይዘዋል።

«እውነትም አይነቀልም» ብሎ ፈረመና ሄደ።

ጠባቂው ሻንጣውን መልሶ አልጋው ሥር አስገባ። ባልዲውን አነሳና፣ «ሣሩን ስንት ሰዓት ላጠጣው እማማ?» አላቸው።