ወንድሜ ያሸነፈበት ክርክር

ትናንት ልጄ ከበረዶ ገብቶ እርጥብ ካልሲውን የማሞቂያው አፍ ላይ አንጥፎት ሄደ። ኧረ ምን ጉድ ነው! ቤቱን የእግርና የእርጥብ ሱፍ ሽታ ሞላው። ልጮህበት አፌን ስከፍት ግን ሽታው አንስቶ ቻምበርስ ሮድ ወደነበረው አፓርታማችን ወሰደኝ፤ እኔ አሥራ ስድስት፣ ወንድሜ አሥራ ስምንት ዓመታችን፣ ሁለታችንም ምንጣፍ ላይ ተጋድመን የጦርነት ፊልም ስናይ።

ፊልሞቹን እዩ ያለን የሃይስኩላችን የዲቤት፣ የክርክር ቡድናችን፣ አስተማሪ ነበር። እንግሊዝና አርጀንቲና፣ ከዓለም ጥግ ባሉ፣ ነፋስና በግ በሞላባቸው ደሴቶች የተነሣ የተዋጉት ጦርነት። አንዱ ፎክላንድ ይላቸዋል፣ ሌላው ማልቪናስ። ከወንድሜ ጋር ፊልም ማየት ደግሞ መከራ ነው፤ በየደቂቃው ያቆመዋል። «ይሄ ውሸት ነው!» «ቆይ፣ ይሄን ጀኔራል ማነው የሾመው?» ውሃ ቀጠነ ብሎ የሚከራከር ልጅ ነበር። ከእሱ ጋር ተከራክሬ ሳላለቅስ ያደርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ ያለ እሱ ግን አንድ ሰዓት መቀመጥ አልችልም ነበር።

ያን ክረምት ግን ወንድሜ በምሳ ሰዓት ካፍቴሪያው በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ለሠራዊቱ ልጅ ከሚመለምሉት ወታደሮች ጋር ወሬ ጀምሮ ነበር። «ትገባለህ እንዴ?» ስለው «እዚህ ቁጭ ብዬ ልሻግት?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ከኩሽና በር፣ ከበር ኩሽና መመላለስ ሆነ ሥራዬ። እማዬ ሆስፒታል ተረኛ ናት፤ ብትሰማ ታብዳለች ብዬ ለአባዬ ነገርኩት።

አባቴ በወጣትነቱ ወታደር ነበር። የትና ከማን ጋር እንደተዋጋ አንድም ቀን አልነገረን። አንድ ቅዳሜ ከታክሲ ሥራው ገብቶ፣ ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ስክሪኑ ፊት ቆመ። የአርጀንቲና ልጆች ጉድጓድ ውስጥ ዝናብ ይወርድባቸዋል፤ ነፋሱ ያፏጫል። «ካልሲያቸው አልደረቀም» አለ። ይኸው ነው። ተመልሶ ወጣና መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። ተከትዬው ወርጄ መስታወቱን አንኳኳሁ። «በል ንገረው እንጂ አባዬ!» «ምን ብዬ?» አለኝ።

አስተማሪው ለውድድር ቡድኑን ለሁለት ከፍሎ ሳንቲም ጣለ። ጥያቄው፣ እንግሊዝ ደሴቶቹን ለማስመለስ ጦር መላኳ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም? የሚል ነው። አይ የሳንቲም ነገር! ጦርነትን የምጠላው እኔ «ልክ ነበር» ደረሰኝ፤ ዩኒፎርም ያማረው ወንድሜ «አልነበረም»። መጀመሪያ ተናደድኩ። ኋላ ግን አንድ ሐሳብ መጣልኝና ደስታውን መደበቅ አቃተኝ፤ የእኔን ምክር አይሰማም፣ የአባዬን ዝምታ አይሰማም፣ የራሱን አፍ ግን ይሰማል። ይህ ልጅ በራሱ ክርክር መሸነፍ አለበት አልኩ።

ውድድሩ ፓርክ ሂል ውስጥ ባለ አንድ አዳራሽ ነበር። ወለሉ ሰም ሰም ይሸታል፤ የከሰዓት ፀሐይ በትልልቆቹ መስኮቶች ገብቶ ዓይን ይወጋል። እኔ ተነሣሁና ሆን ብዬ ተንተባተብኩ። የደሴቶቹ ነዋሪዎች ራሳቸው ምን ይፈልጉ ነበር የሚለውን፣ እጅ ያለኝን ትልቁን ነጥብ፣ ዋጥ አደረግኩት። ከዚያ እሱ ተነሣ። በእንግሊዝኛ ነው የተናገረው፣ እኔ ግን የማስታውሰው በአማርኛ ነው። «ካርታ ላይ በአንድ ጣት የሚሸፈን መሬት ነው» አለ። «ልጇ የሞተባትን እናት ጥሯትና ጣታችሁን አንሡላት፤ ይኸው ይሄ ነው በሏት።» ሳይጨርስ ከኋላ አንድ ሰው ብድግ ብሎ አጨበጨበ። አባቴ ነበር፤ ዞር ብለው ሲያዩት እንኳ አልተቀመጠም።

ወንድሜ አሸነፈ። እኔም አሸነፍኩ፣ ቢያንስ እንደዚያ መሰለኝ።

በኮልፋክስ ጎዳና ወደ ቤት ስንነዳ አባዬ ያንጎራጉራል። አባዬ! ሲያንጎራጉር ሰምቼው የማላውቀው ሰውዬ! «ጎሽ የኔ ልጅ፣ ገብቶሃል» እያለ የወንድሜን ጉልበት ይመታል። ወንድሜ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል።

«አባዬ፣ ወታደር ልሆን ሳይን አድርጌያለሁ» አለ። «ሰኞ ዕለት።»

አባዬ ፍሬቻ አሳይቶ አንድ የጎማ ቤት በር ላይ ፓርክ አደረገ።

«ዛሬ ያን ሁሉ የተናገረው ማነው?»

«እኔ።»

«ውሸትህን ነው?»

«እውነቴን ነው። አንድም ቃል ውሸት የለበትም።»

«እና?»

«እና እሄዳለሁ።»

ከኋላ ወንበር ሆኜ ትከሻውን በቦርሳዬ ደበደብኩት። «ምን ዓይነት ሰው ነህ? ምን ዓይነት?» አልኩ። አልተከላከለም። አባዬ መሪውን እንደጨበጠ ቀረ። ፍሬቻ ሲያሳይ ሳያውቅ የነካው የዝናብ መጥረጊያ በደረቅ መስታወት ላይ ይንቋቋ ነበር፤ የሚያጠፋው አልተገኘም።

በሄደበት ቀን አባዬ ሌላ ምንም አልነገረውም፤ እግርህን አድርቅ፣ ሁልጊዜ እግርህን አድርቅ ብቻ። ሦስት ጊዜ ሳመውና ወደ ሥራ ሄደ።

ተመስገን፣ ወንድሜ ተመልሷል፤ አንድም ነገር አልጎደለበትም። ሴንትራል ፓርክ የሚባል ሰፈር ቤት ገዛ፣ ወለደ፣ ጥሩ ባል ነው ይሉታል። የት ነበርክ፣ ምን አየህ ስንለው «ደህና ነበር» ይላል። ያለፈው እሑድ ቤቱ ሄጄ ነበር። ነገር ፈለግኩት። ሚስትህ የግድግዳውን ቀለም አበላሽታዋለች፣ ይሄ ሶፋ አስቀያሚ ነው አልኩት። «እውነትሽን ነው» አለ። ቅልና ዱባ አንድ ነው ብለው «ሊሆን ይችላል» የሚል ሰው ሆኗል። ኧረ ተነሥና ስደበኝ ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ብርቱካን ላጠና ግማሹን ዘረጋልኝ። «አልፈልግም» አልኩት። እኛ ቤት አልፈልግም የሚባለው «በሞቴ ብዪ» ለመባል ነው፤ ድሮ ቢሆን አንገቴን ይዞ አፌ ውስጥ ይጠቀጥቀው ነበር። እኔም ለመቀበል እጄን ከጭኔ ላይ አንሥቻለሁ።

«እሺ» አለና ለልጁ ሰጠው።