በሶ መጠጥ ነው ወይስ ምግብ?

ትልቋ ልጄ አዲስ አበባ ሄዳ ጨጓራዋን በቀዶ ሕክምና ስታሳንስ አልደገፍኳትም። አፉን መግዛት ያቃተው ሰው በቢላዋ አይታረምም ባይ ነኝ። እርሷ ግን የስኳር በሽታዋ ዓይኗን መንካት እንደጀመረ ሐኪም ነግሯት ስለነበር አልሰማችኝም። አስተማሪ ናት፤ ያለ ዓይን ምን ታስተምራለች?

መጀመሪያ ክብደቷ ፈጥኖ ወረደ። ደብረ ብርሃን ስትመለስ ግን ሊጠይቃት ከመጣው ጎረቤት መካከል "እሰይ" ያላት አልነበረም። "ምነው እንዲህ ከሳሽ?" እያሉ ከንፈር ይመጥጣሉ። እናቷ ይህን በሰማች ቁጥር አንገቷን ትደፋለች።

ከጥቂት ወራት በኋላ ክብደቷ መቀነሱን አቆመ፤ ቀጥሎም መጨመር ጀመረ። ስኳሯም አብሮ ወጣ። እኔም ስለ ሆዳምነት ሰበክኋት። ይሁንና ሳህኗ ላይ የሚቀርበው ድመት የሚያጠግብ አልነበረም።

ለክትትል ስትሄድ እኔና እናቷ አብረን ሄድን። የምግብ ባለሙያዋ የምትበላውን ከጠየቀቻት በኋላ፣ "የምትጠጪውስ?" አለቻት።

"ውሃ።"

"በሶም እንጂ!" አለች ባለቤቴ፣ ኮራ ብላ። "ጠዋትም ማታም በማር በጥብጬ እሰጣታለሁ።"

"በማር?"

"ታዲያ በምን ላድርገው? ምግብ አይደል፣ መጠጥ ነው። እህል እንኳ አላበዛሁባትም።"

ባለሙያዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ ያነሰ ጨጓራ እንጀራውን ቢመልስ በሶና ማሩ ሾልከው እንደሚያልፉ አስረዳችን። ልጄን ለምን እንዳልተወችው ብጠይቃት፣ "እማዬ 'በሞቴ' ስትለኝ ምን ልበል፣ አባባ?" አለችኝ።

ባለቤቴን አልተቆጣሁም። ገብስ ያሳደገን ሰዎች ነን፤ በኩባያ የቀረበ በሶን ምግብ ብሎ የሚቆጥር የለም። ኩባያውን እኔም አቀብያት አውቃለሁ።

ቤት ስንገባ "በሞቴ" የሚባል ቃል እንዳይነሳ አዘዝኩ። እሑድ እህቴ ከአንኮበር መጣችና ለልጄ ወፍራም ጉርሻ ጠቅልላ ዘረጋችላት።

"በሞቴ!"

"እዚህ ቤት ይህ ቀርቷል" አልኳት።

"አንተ ንፉግ! ለገዛ ልጅህ ጉርሻ ትሰስታለህ?"

"ለዓይኗ ስል እሰስታለሁ።"

እህቴ ጉርሻውን እንደያዘች ትንሽ አሰበችና ወደ እኔ አዞረችው። "እንግዲያው አንተ ጉረሰው። በሞቴ!"

ጎረስኩ። ልጄ እየሳቀች የእግር ጉዞዋን ልትሄድ ተነሳች፤ እናቷም ጋቢዋን ደርባ ተከተለቻት። ክብደቷ እንደገና መቀነስ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።