ከቆርቆሮው ማዶ ያለው ደሴት

ጭሮ ከተማ የተከራየኋት ክፍል ከፊልም ቤቱ የምትለየው በአንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነበር። ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ መምህር ነኝ። ከሰዓት በኋላ የተማሪ ፈተና ላርም ስቀመጥ ፊልም ቤቱም ጫት በሚቅም ሰው ይሞላል።

ባለቤቱ ራሱ ማይክ ይዞ ፊልሙን ይተረጉማል። መተርጎም ከተባለ። እንግሊዝኛው ከተማሪዎቼ አይሻልም፤ ጉንጩን ወጥሮ ያሰኘውን ይለፈልፋል፣ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ። በዚያ ሰሞን የያዘው አንድ ያረጀ፣ ደም በደም የሆነ የፈረንጅ ፊልም ነበር። ሰዎች ራቅ ያለ ደሴት ይሄዳሉ፤ እዚያ የተኛ ሰው ይቃዣል፤ በቅዠቱ የታረደ በውኑም ታርዶ ይገኛል። ይኸው ነው። ተርጓሚው ግን ፊልሙ አልጣመውም መሰለኝ፣ ቅመም ጨመረበት። «ይህ ደሴት ወደ የመን የሚሻገሩ ልጆቻችን የሚያድሩበት ነው!» ብሎ ጮኸ።

ያን ጊዜ አከራዬ ግቢ ውስጥ ልብስ ያሰጡ ነበር። ባላቸው የሞተባቸው፣ አንድ ልጅ ብቻ ያላቸው ሴት ናቸው። ልጃቸው በታህሪብ፣ ማለት ያለ ወረቀት ባሕር አቋርጦ ዐረብ አገር ሊገባ፣ ከቤት ከወጣ ሰንብቷል፤ ጅቡቲ ጠረፍ ላይ ጀልባ እየጠበቀ ነበር። እሳቸው ፊልም ቤት ገብተው አያውቁም። በማይክ የሚናገር ሰው ለእሳቸው ወይ ኢማም ነው ወይ የቀበሌ ሰው።

እርጥቡን ልብስ እንደያዙ ወደ ደጃፌ መጡ። «መምህር፣ ሰማህ?»

«ፊልም ነው እማማ፣ ውሸት ነው።»

«ወላሂ የመንን ስም ጠርቶ ተናግሯል! አንተ የደጋ ሰው ነህ፣ ባሕር የት ታውቃለህ?»

እሳቸውስ የት ያውቃሉ? እዚሁ ቅርብ ያለችውን ሚኤሶን አልፈው የሄዱ አይመስለኝም።

በዚያው ዕለት ልጁ በሚያሻግረው ደላላ ስልክ ደወለ። በላህ ወይ፣ አመመህ ወይ አላሉትም። «ሂን ረፊን! ያ ኢልመ ኮ፣ ሂን ረፊን!» ብቻ ነበር ጩኸታቸው። ልጄ፣ እንዳትተኛ ማለት ነው። ልጁ ግራ ገብቶት ቢጠይቅም አላስረዱትም፤ ባሕሩን እስኪሻገር ዐይኑን እንዳይከድን በአላህ አስማሉት። እሺ አለ፤ ስልኩ ተቋረጠ።

ወሬው ፊልም ቤት ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። በማግስቱ ፊልሙ ውስጥ ሰው ጋደም ባለ ቁጥር ተርጓሚው «ሂን ረፊን!» ይላል፣ ቃሚው ሁሉ ተቀብሎ ያስተጋባል፣ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። እሳቸው ከወዲህ ቁጭ ብለው ይሰማሉ። ሄጄ ተው አልኩት። «ሰው የሚስቀው እዚህ ጋ ነው፤ ላልቅስላቸው?» አለኝ። ዛሬም መንገድ ላይ ሳየው ደሜ ይፈላል።

ልጁ ከዚያ በኋላ አልደወለም። አብሮት የተሳፈረ አንድ የሂርና ወጣት ግን ከየመን ተባሮ ሲመለስ መርዶ ይዞ መጣ። ግቢው ምንጣፍ ተነጠፈበት፣ ሰው ሞላ፤ ተርጓሚውም መጥቶ ዳር ተቀመጠ።

የሂርናው ወጣት አንገቱን ደፍቶ ተናገረ። ጀልባው ላይ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ተኝቷል። የእሳቸው ልጅ ግን እናቴ በአላህ አስምላኛለች፣ አልተኛም አለ። ነፋሱ እንዲያነቃው ጠርዙ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። «ሁለቴ ሲያንጎላጅ ያዝኩት። ከዚያ እኔም ተኛሁ። የቀሰቀሰኝ ውሃው ላይ ሲወድቅ ድምፁ ነው።» መሐል የተኙት ሁሉ በሰላም ደርሰዋል።

ለሁላችንም የገባን ነገር ለእሳቸውም እንዳይገባቸው ፈርቼ መሬት መሬት አየሁ።

«ሲወድቅ እንቅልፍ ወስዶት ነበር?» ብለው ጠየቁ።

«አዎ፣ አሸልቦት ነበር።»

ቀና ብለው ሁላችንንም አዩን።

«አላልኩትም?» አሉ። «እንዳትተኛ አላልኩትም ነበር? እናንተ ናችሁ ስትስቁ የነበራችሁት።»