ድናለች ያልኩ ቀን

እኔ ማይክ ከያዝኩ መልሼ አልሰጥም። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ ለምስክርነት ስነሣ ወጣቶቹ ሰዓታቸውን እያዩ ይሳሳቃሉ። ይሳቁ። የዚያን እሁድ ግን ምነው አንዱ እግሬን ጠልፎ በጣለኝ እላለሁ።

ልጄ በረዶ ላይ ያደገች ናት። የላስ ቬጋስ አስፋልት ውጭ እየቀለጠ፣ እሷ ውስጥ ጓንት አጥልቃ በስኬቲንግ ስትሽከረከር ነው ልጅነቷ ያለቀው። ዘመዶቼ "ከማን አመጣችው?" ይሉኛል። ከእኔ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ፤ እንኳን በረዶ፣ እርጥብ ሊሾ ላይ መራመድ ያቅተኛል። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ዘላ ስታርፍ ቀኝ ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ፤ ሁለት ብሎን ገባበት፤ ጫማዋን ሰቀለች። ስድስት ዓመት ሙሉ የስኬቲንግ ወሬ ቤታችን ውስጥ አልተነሣም።

ባለፈው ዓመት ድንገት "ማሚ፣ ልመለስ ነው" አለችኝ። አንድ ተዘዋዋሪ የበረዶ ትርኢት ሰው ሊቀጥር ነው፤ ኦዲሽን የሚሉት የመምረጫ ፈተና አለው። እኔም የድሮ አሠልጣኟ ጋ ሄጄ፣ "ከስድስት ዓመት በኋላ እንዲህ ተብሎ ይመለሳል?" ብዬ ጠየቅኋት። በዕድሜ የገፋች፣ ፈገግታ የማታውቅ ሴት ናት።

"የተመለሱ አይቻለሁ" አለችኝ። "ሲያማቸው አመመኝ የሚሉት ይመለሳሉ። እኔ የምፈራው ዝም የሚሉትን ነው።"

ልጄ ደግሞ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ዝምተኛ ናት። ቢሆንም ደስታው በለጠብኝ።

ልምምድ በጀመረች በሦስተኛው ወር፣ እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ፓርክ እያደረግሁ "እግርሽስ?" አልኳት። "ደህና ነው" አለች። ይህችን "ደህና ነው" ይዤ ነው እንግዲህ መድረክ ላይ የወጣሁት። "ሐኪም በብሎን ያሰረውን ጌታ ፈውሶታል! ልጄ ድናለች!" አልኩ። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ልጄ ከኋላ ወንበር ተነሥታ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። እጇን እንጂ ፊቷን ልብ አላልኩም።

ከዚያ በኋላ ያገኛት ሁሉ "እግርሽ እንዴት ነው?" ይላታል፤ እሷም "ጌታ ይባረክ" ትላለች። ትልልቅ እናቶች ጉልበታቸውን እየያዙ እንድትጸልይላቸው ይለምኗት ጀመር። ኧረ ጉድ! ከአፍ የወጣ አፋፍ የሚባለው ይሄ ነው።

እኔ ሜዲካል ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ ረዳት ነርስ ነኝ። እግራቸውን ኦፕራሲዮን የሆኑ ሰዎችን ደረጃ ሳለማምድ እውላለሁ። "ስትወጡ በደህናው ጀምሩ፣ ስትወርዱ በታመመው" እላቸዋለሁ፤ አፌ ላይ ከመለመዱ የተነሣ በእንቅልፌም ሳልለው አልቀርም። አንድ ጠዋት ወደ ሺፍቴ ልወጣ ስል ልጄ ከፎቅ ስትወርድ አየኋት። መደገፊያውን ጨምድዳ ይዛለች። ቀኝ እግሯን ታወርዳለች፣ ግራውን አጠገቡ ታሳርፋለች። አሁንም ቀኙን፣ አሁንም ግራውን አጠገቡ።

"አመመሽ እንዴ?" አልኳት።

"ኖ ማሚ፣ አይም ፋይን።"

ዐይን ለዐይን ተያየን። እንዳወቅሁባት አወቀች። በዚያች ደቂቃ እጇን ይዤ ወደ ሐኪም መንዳት ነበረብኝ። ያሰብኩትን ራሴው ልናገረው፤ ያሰብኩት እሁድ እነዚያን ሰዎች በምን ዐይኔ አያለሁ ብዬ ነው። ለራሴ ግን "እምነት ነው" አልኩት። የምን እምነት! ይሉኝታ ነው። "በርቺ" ብያት ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ደረጃውን ስትወርድ ላለማየት ቀድሜያት ከቤት እወጣ ጀመር። እሷም ልምምዱን ጨመረችው።

የኦዲሽኑ ቀን ሁለት እህቶች ከቤተ ክርስቲያን መጥተው ግራና ቀኜ ተቀመጡ፤ ተአምሩን ሊያዩ። ሙዚቃው ጀመረ። አቤት ስታምር! አሠልጣኟ ግን የበረዶውን ሜዳ አጥር ይዛ የልጄን እግር ብቻ ነበር የምታየው። ልጄ ወደ ኋላ እየተንሸራተተች መጥታ ለመዝለል ጉልበቷን አጠፍ ስታደርግ፣ "ተይው፣ ልጄ፣ ተይው" ማለት ፈልጌ ድምፅ አጣሁ። ዘለለች። በቀኝ እግሯ አረፈች፤ እግሯም ከዳት። ሲሰበር ከተቀመጥኩበት ሰማሁት። አንደኛዋ እህት "በኢየሱስ ስም!" ብላ ጮኸች።

ድንገተኛ ክፍል ሐኪሟ የራጁን ፊልም አይታ፣ "ይሄ ዛሬ የተሰነጠቀ አይደለም፤ ቆይቷል። ዛሬ ለየለት" አለች። ወደፊት መራመድ እንደምትችል፣ መዝለል ግን እንዳበቃለት በቀስታ ነገረችን። ልጄ አላለቀሰችም።

"ሕመሙ መቼ ነው የጀመረሽ?" ብላ ሐኪሟ ጠየቀቻት።

ልጄ ሐኪሟን ትታ ወደ እኔ ዞረች። ሐኪሟ እንዳይገባት በአማርኛ፣ "ማሚ፣ ምን ልበላት?" አለችኝ።

በቁሜ ሞትኩ። "እውነቱን በያት፣ የኔ እናት" አልኳት።

"አምስት ወር" አለች።

እኔ "ድናለች" ብዬ ከመሰከርኩ አራት ወር ነው።