ሙርዲና የከለከለችው ስም

ሉዊስ ደሴት ላይ፣ በእኛ መንደር ብቻ ስድስት ሙሩኻዎች ነበርን። አንዱ እኔ ነኝ። አባቶቻችን የስሙ ትርጉም "የባሕር ተዋጊ" ነው ይሉን ነበር፤ እኔ ግን ባሕር ላይ ስወጣ ከመዋጋት ይልቅ ማስመለስ ነው የሚቀናኝ። መዝገብ ላይ ሙርዶ እንባላለን፤ ካናዳ የተሻገሩት ዘመዶቻችን ሙርዶክ ብለው ይጽፉታል። ሴት ስትወለድ ደግሞ ስሙ እንዳይጠፋ ሙርዲና ትባላለች።

ጎረቤቴ ሙርዲና ስሟን ያገኘችው እንዲህ ነው። ልትወለድ ስትል አጎቷ ሙሩኻ ባሕር ገብቶ ቀረ። በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ቀጥሎ የሚወለደው ልጅ ስሙን ይወርሳል፤ ወንድም ይሁን ሴት።

"የሞተ ሰው ኮት አልብሰው አሳደጉኝ" ትል ነበር። ሳቋ እኔ ቤት ድረስ ይሰማል።

ባሏ ከሞተ በኋላ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ብቻዋን አሳደገች። ታላቁ ኢቫር፣ ታናሹ ሙሩኻ። ታናሹ ተጫዋች ልጅ ነበር፤ እኔን ሲያገኘኝ "ሽማግሌው እኔ፣ እንዴት አደርኩ?" ይለኛል። በጥቅምት እሱና ሦስት ጓደኞቹ ዓሣ ሊያጠምዱ እንደወጡ ጀልባቸው ከነአራት ሰዎቿ ሰጠመች። ባሕሩ የሦስቱን ሬሳ መለሰ። የእሱን አልመለሰም።

ሙርዲና አላለቀሰችም። "ሬሳውን ሳላይ ምን ብዬ ነው የማለቅሰው? የኖርዌይ መርከብ አንስቶት ይሆናል" አለች። በየቅዳሜው አልጋውን እያነጠፈች ጠበቀችው።

በጥር የኢቫር ሚስት ሾናግ ወንድ ልጅ ወለደች። የሕፃኑን ስም መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ደፍሮ የሚናገር ግን ጠፋ። ስሙ ለሕፃኑ ተሰጠ ማለት ሙሩኻ ሞተ ማለት ነው።

"እማዬ፣ ቄሱ እኮ ስሙን ጠየቁኝ" አላት ኢቫር።

"ሌላ ስም አውጣለት። የወንድምህን ስም ሰጥተን፣ ባለቤቱ ሲመጣ ምን ልንለው ነው?"

"ሌላ ስም ባወጣለት ሰው ወንድሙን ረሳ ይለኛል።"

"ይበልሃ!"

ሕፃኑም ሳይጠመቅ "ትንሹ" እየተባለ ከረመ።

እኛም ጉድ ሠራን። ጀልባዋ እንደሰጠመች፣ አዘንላት ብለን በፊቷ ያንን ስም መጥራት ተውን። ልብስ ሰፊው ሙሩኻ "ልብስ ሰፊው" ብቻ ሆነ፣ ቀዩ ሙሩኻም "ቀዩ"። የገዛ ሚስቴ እንኳ እኔን "አንተ ሰውዬ" ማለት ጀመረች። ደግ የሠራን መስሎን ነበር፤ ሞኞች ነን።

በግንቦት ከረግረጉ፣ ሲደርቅ እንደ እንጨት የሚነደውን አፈር በደቦ ስንቆርጥ ሚስቴ "አንተ ሰውዬ፣ ሻይህ ቀዘቀዘ!" ብላ ተጣራች። ሙርዲና አካፋዋን ወረወረችው።

"ይሄ ሰው ስም የለውም?"

ሁላችንም መቁረጡን አቆምን።

"ሰባት ወር! ሰባት ወር ሙሉ የልጄን ስም ከሰው አፍ አልሰማሁም። ባሕሩ ገላውን ወሰደ፣ እናንተ ደግሞ ስሙን ወሰዳችሁብኝ!"

"እንዳይከፋሽ ብለን እኮ ነው፣ የኔ እናት" አለቻት ሚስቴ።

"ከዚህ በላይ ምን ይከፋኛል?"

የምገባበት ጠፋኝ። እሷ ሳሩ ላይ ተቀመጠችና ጭቃ የነካውን እጇን ስታይ ቆየች። ከዚያ ወደ ኢቫር ሳትዞር "ለትንሹ ስጠው። ቢያንስ ሲጠራ ልስማ" አለች።

በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞላ። ኢቫር ሕፃኑን ታቅፎ ቆመ፣ ስሙንም በሹክሹክታ ለቄሱ ነገራቸው። ሙርዲና ከእኔ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ቄሱ ውኃውን በእጃቸው ይዘው ጮክ ብለው "ሙሩኻ!" አሉ።

ሰው ሁሉ ሕፃኑን አየ። እሷ ብቻ ፈጥና ወደ በሩ ዞረች።

በሩ እንደተዘጋ ነው። ጥቂት አየችውና ከጥቅምት ጀምሮ ታፍኖ የነበረው ለቅሶ ያን ጊዜ ወጣ። ቄሱም ጸሎታቸውን አቋርጠው ጠበቋት።